አስፋልት ነው፣ ኮንክሪት ነው ወይስ ድንጋይ? የተነጠፈ መንገድን ለይቶ ካርታ ላይ ማስገባት

ጥያቄው፦ «ኦፕንስትሪትማፕ ላይ፣ ማንም ሰው ሊጨምርበትና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ መንገድ መመዝገብ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። አፈር መንገድን ከተነጠፈ መንገድ መለየት አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ የተነጠፈውን በዓይነቱ መለየት ነው። አስፋልት፣ ኮንክሪት፣ ኮብልስቶን፣ ንጣፍ ድንጋይ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰው ይመጣና ይቀይረዋል። አንዱን መንገድ እኔ አስፋልት ስል እሱ ኮንክሪት እያለ ሦስት ጊዜ ተቀያይረናል። በሳተላይት ምስል ደግሞ ሁሉም ግራጫ ነው። በምን ልለይ? ሁሉንም ‹የተነጠፈ› ብዬ ብተወውስ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። «የተነጠፈ» ብለህ ብትተወው ውሸት አይሆንም። «ፔቭድ» የሚባለው እሴት፣ ማለትም በመንገዱ መለያ ላይ የሚሞላው ቃል፣ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ንጣፍ እንዳለ ታውቃለህ፣ ዓይነቱን ግን አላየህም ማለት ነው። ሳያዩ ከመገመት እሱ በብዙ ይሻላል።

ካየኸው ግን ጻፈው። ለመኪና ነጂ አስፋልትና ጥርብ ድንጋይ ያን ያህል ላይራራቁ ይችላሉ። ቀጭን ጎማ ባለው ብስክሌት ለሚሄድ ሰው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከቤት የመውጣትና ያለመውጣት ነው። አቅጣጫ የሚጠቁሙ ፕሮግራሞች ይህን መለያ አንብበው ነው «በዚህ ሂድ፣ በዚያ አትሂድ» የሚሉት። አንድ ቃል ስታስገባ የማታውቀው ሰው ጉዞውን በእሷ ላይ ይወስናል።

እኔ መንገድ ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ንጣፍ ሲፈስ፣ ሲደመደም፣ ዓመታት ሲያልፉ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ካርታ ላይ መመዝገብ የጀመርኩት በኋላ ነው። የገረመኝ ነገር አለ። ሰዎች የሚጨቃጨቁት መንገዱን ስለማያውቁት አይደለም። እያንዳንዱ ለሌላ ጥያቄ መልስ ስለሚሰጥ ነው።

መለያው «ሰርፌስ» ነው የሚባለው። በመዝገቡ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምታስገባው፤ እኔ እዚህ ድምፁን በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ትርጉሙ ገጽ ነው። ገጽ ማለት ጎማው ወይም ጫማው የሚነካው ነገር ነው። ከሥሩ ያለውን አይጠይቅህም። መንገዱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎም አይጠይቅህም። ሰፈርተኛው ምን ብሎ እንደሚጠራውም አይጠይቅህም። ከላይ የምትረግጠው ምንድን ነው? ይኸው ነው። ጥያቄህን ሳነበው፣ ሦስት ጊዜ የተቀያየራችሁት ከእነዚህ አንዱን ከሌላው በማደባለቅ ሳይሆን አይቀርም። ወደሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ አስፋልት። አስፋልት ጠጠርና ሬንጅ ነው። ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማው ብቻ ነው ሬንጅ። የቀረው ድንጋይ ነው፣ ከትልቅ ጠጠር ጀምሮ እንደ ዱቄት እስከላመው ድረስ። በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሞቆ ይደባለቃል። በትኩሱ ይነጠፋል። ሳይቀዘቅዝ ዳምጠው ይሄድበታል።

የአስፋልት ዘመድ የሆነ፣ ካርታ ላይ ግን ብቻውን የቆመ ሌላ ዓይነት አለ። «ቺፕሲል» ይባላል፤ መሐንዲሶች «ሰርፌስ ትሪትመንት» ሲሉት ትሰማለህ። አሠራሩ ቀላል ነው። ትኩስ ሬንጅ መንገዱ ላይ ይረጫል። ከላዩ ጠጠር ይበተናል። ዳምጠው ይሄድበትና ጠጠሩ ሬንጁ ውስጥ ይቀረቀራል። አስቀድሞ የተደባለቀ ነገር የለም። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ከከተማ ውጭ ያለው አብዛኛው የተነጠፈ መንገዳቸው እንዲህ ነው። ሕዝቡ ሁለቱንም አስፋልት ነው የሚላቸው። ለብስክሌተኛ ግን ይለያያሉ። ቺፕሲል ያንዘፈዝፋል፣ እጅ ያደነዝዛል፣ አዲስ ሲሆን ደግሞ ያልተያዘ ጠጠር ያንሸራትታል።

እንዴት ትለያቸዋለህ? መኪና የማይደርስብህ ቦታ መርጠህ መንገዱ ዳር ቁጢጥ በል። ወለሉን በቅርብ እየው። ድንጋዮቹ ሁሉ በመጠን እኩያሞች ከሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጫፋቸውን ካወጡ፣ በመካከላቸው ጥቁር ሬንጅ ብቻ ካለ፣ ቺፕሲል ነው። መዳፍህን ብታሳርፍበት እንደ ሞረድ ይሻክርሃል። ጠርዙ ላይ ተነቅሎ የተጠራቀመ ጠጠር ታገኛለህ። ጎማ የሚበዛበት መስመር ላይ ደግሞ ሬንጁ ወደ ላይ ወጥቶ ጥቁር አንጸባራቂ ጭረት ይሠራል። አስፋልት ከሆነ ግን ትልቁና ትንሹ ድንጋይ ተደበላልቆ፣ ክፍተቱ በደቃቁ ተሞልቶ ነው የምታየው። ወጥ ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ያረጀ አስፋልት ደቃቁ ክፍል ይታጠብና ትልልቁ ጠጠር አፍጥጦ ይወጣል። ያኔ ቺፕሲል ይመስላል። በዚህ ጊዜ ጉድጓድ ፈልግ። የጉድጓዱ ጠርዝ ሁሉን ይነግርሃል። አስፋልት ከሆነ ጠርዙ በርካታ ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ እስከ ታች ጥቁር የሆነ ድብልቅ ነው፤ እንደ ዳቦ ቁራጭ ተቆርሶ ይታያል። ቺፕሲል ከሆነ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር የምትሆን ቆዳ ብቻ አለች። ከሥሯ ብዙ ጊዜ ወዲያው ደረቅ ጠጠር ነው። ይህን አንድ ጊዜ ካየህ ሌላ ጊዜ አትሳሳትም።

ኮንክሪት ደግሞ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ነው። መለያው ቀለሙ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። ኮንክሪት ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ዝም ብለው ቢተዉት በፈለገው ቦታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ራሳቸው አስቀድመው ቀጥ ያለ መስመር ይቆርጡለታል፣ ብዙ ጊዜ በየ4 እስከ 6 ሜትር። በመኪና ስታልፍበት «ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ» የሚለው ያ ነው። ላዩን ስታየው ደግሞ ጎማ እንዳይንሸራተት ሆን ተብሎ የተሰራለት ቀጫጭን ጭረት አለው። በብረት የተጠናከረ ሆኖ መጋጠሚያ የማይቆረጥለት ኮንክሪትም አለ። እሱንም ከጭረቱና ከድንጋዩ መካከል ካለው ግራጫ ሲሚንቶ ትለየዋለህ።

ከኮንክሪት ሥር ሁለት ተጨማሪ እሴቶች አሉ። «ኮንክሪት ፕሌትስ» አንዱ ነው፤ በመሃሉ ሁለት ነጥብ ይገባበታል። እንደ ትልልቅ ሳህን እየተደረደሩ መንገድ የሠሩ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ቁራጮች ማለት ነው። ብዙ ሰው የተቆረጠ መጋጠሚያ ባየ ቁጥር ይህን ይጽፋል። ልክ አይመስለኝም። ቦታው ላይ ፈስሶ የተቆረጠውን «ኮንክሪት» በለው። ቁራጮቹ ለየብቻ የተቀመጡ ከሆኑ፣ በመሃላቸው ክፍተት ወይም ሳር ካለ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ «ፕሌትስ» በለው። ሁለተኛው «ኮንክሪት ሌንስ» ነው። ለሁለቱ ጎማዎች ሁለት ቀጭን የኮንክሪት መስመር ብቻ ተሠርቶ መሃሉ አፈር ወይም ሳር ሲሆን ማለት ነው።

አሁን ስለ ሳተላይት ምስሉ። ስጀምር እኔም የሠራሁት ስህተት ስለሆነ ልንገርህ። አንድ ረጅም መንገድ በምስሉ ላይ ነጣ ብሎ አየሁትና ቤቴ ተቀምጬ «ኮንክሪት» ብዬ መዘገብኩት። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ወርጄ አየሁት። ያረጀ አስፋልት ነበር። ምክንያቱን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነውና። አዲስ አስፋልት የሚጠቁረው ድንጋዩን በሸፈነው ሬንጅ ምክንያት ነው። ፀሐይና አየር ሬንጁን ያደርቁታል፣ ጎማ ደግሞ ከድንጋዩ አናት ላይ ይፍቀዋል። ያኔ የሚታየው የድንጋዩ ቀለም ነው። ድንጋዩ ነጭ ከሆነ መንገዱ ይነጣል። ከሰማይ ሲታይ ያረጀ አስፋልትና ኮንክሪት አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲህ ከሳተላይት ብቻ ዓይነት አልጽፍም። ምስሉ በጣም ጥርት ያለ ሆኖ እኩል የተራራቁ የመጋጠሚያ መስመሮች ከታዩኝ ብቻ ነው ኮንክሪት የምለው። ከመንገድ ላይ የተነሱ ፎቶዎች ካሉ፣ ለምሳሌ ሰዎች የመንገድ ፎቶ በሚያጋሩበት ማፒላሪ በተባለው ድረ ገጽ ላይ፣ እነሱ ይሻላሉ። ፎቶው የተነሳበትን ቀን ማየት አትርሳ።

የድንጋዩ ጉዳይ ከሁሉም የበለጠ ይወሳሰባል። ዋናው ምክንያት ቃሉ ነው። በአማርኛ «ኮብልስቶን» የምንለው ተጠርቦ ማዕዘን የወጣለትን ድንጋይ ነው። በካርታው መዝገብ ግን ያ «ሰት» ነው የሚባለው። ጥርብ ድንጋይ ማለት ነው። በጥብቅ ትርጉሙ ኮብል የሚባለው ሰው ያልጠረበው፣ ወንዝ ያሞለሞለው ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ለእሱ «አንሂውን ኮብልስቶን» የሚል የራሱ እሴት አለው፤ ያልተጠረበ ማለት ነው። «ኮብልስቶን» ብቻውን የሚለው ደግሞ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርታው ላይ ዋጋው ትንሽ ነው። ስታገኘው ቦታው ድረስ ሄደህ ወደ አንዱ አጥራው።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውን የፓሪስ ሩቤ የብስክሌት ውድድር ውሰድ። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር ያህሉ የድንጋይ መንገድ ነው። በእንግሊዝኛ የሚዘግበው ሁሉ ኮብል ይለዋል። ድንጋዮቹ ግን ተጠርበው የተደረደሩ ናቸው። ካርታው ላይ «ሰት» ናቸው። ታዋቂ ስም ስለወጣለት ዓይነቱ አይቀየርም።

ቀጥሎ «ፔቪንግ ስቶንስ» አለ። ንጣፍ ድንጋይ በለው። ከ«ሰት» የሚለየው በምንድን ነው? ብዙ ሰው «ሰት የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፣ ፔቪንግ ስቶንስ የሲሚንቶ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይሆናል። መመዘኛው ግን እሱ አይደለም። መመዘኛው አናቱ ነው። የድንጋዩ አናት ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ፣ ከላይ ስትሄድበት አንድ ወለል ከሆነ ንጣፍ ድንጋይ ነው። አናቱ ጎበጥ ያለ ወይም ያልተስተካከለ ሆኖ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት እግርህ የሚያውቀው ከሆነ ጥርብ ድንጋይ ነው። በመጋዝ ተቆርጦ የተነጠፈ የተፈጥሮ ድንጋይ አለ፤ እንደ ጠረጴዛ ለስላሳ ነው። እሱ «ፔቪንግ ስቶንስ» ነው፣ ከተራራ ቢመጣም።

ካላመንክ ጎማ ያለው ሻንጣ ጎትትበት። ንጣፍ ድንጋይ ላይ እኩል የሆነ «ትክ ትክ ትክ» ትሰማለህ። ጥርብ ድንጋይ ላይ ሻንጣው ይዘላል፣ እጀታው በእጅህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ያልተጠረበው ላይ ደግሞ አንስተህ ትሸከመዋለህ። ሻንጣህ ላይ የደረሰው በዊልቸር የሚሄድ ሰው ወገብ ላይ ይደርሳል። ነጭ በትር የያዘ ዓይነ ስውርም የበትሩ ጫፍ በየክፍተቱ ይሰነቀርበታል። በዚህ ልዩነት ላይ ችክ የምለው ለዚህ ነው።

የሸክላ ጡብ ከሆነ «ብሪክስ» የሚል እሴት አለው። ቀዳዳ ያለው ሆኖ በመሃሉ ሳር የሚበቅልበት የሲሚንቶ ንጣፍ «ግራስ ፔቨር» ነው። የእንጨትና የብረት ድልድይ ወለል የየራሱ አለው፣ እነሱ አያሳስቱም።

የሚያሳስተው አስመስሎ የተሠራው ነው። ኮንክሪት ሳይደርቅ በቅርጽ ማተሚያ ተጭነው ድንጋይ ያስመስሉታል። አስፋልትም እንዲሁ ይደረጋል፣ ቀለምም ይቀባል። ከሩቅ ስታየው ጥርብ ድንጋይ ነው ትላለህ። ጠጋ ብለህ «መጋጠሚያውን» በጥፍርህ ወይም በቁልፍ ጫር አድርገው። እውነተኛ መጋጠሚያ ከሆነ አሸዋ ወይም ከድንጋዩ የተለየ ነገር ታገኛለህ። ማተሚያ የሠራው ከሆነ ያው አንድ ነገር ነው፣ ጎድጎድ ብሎ ብቻ ነው። ድንጋዮቹን አስተያያቸው። አንድ ዓይነት ጠባሳ ያለው ድንጋይ በየሜትሩ ከተደጋገመ የማተሚያው ቅርጽ ነው። ያንን ኮንክሪት ወይም አስፋልት ብለህ መዝግበው። ቀይ የተቀባ የብስክሌት መስመርም አስፋልት ነው፤ ቀለሙን ለብቻው መጻፍ ይቻላል።

ስለ ጥራት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የተበላሸ አስፋልት ሲያይ «ይሄማ አስፋልት አይባልም» ብሎ ጠጠር መንገድ አድርጎ ይጽፈዋል። ንዴቱ ይገባኛል። ግን አስፋልት ነው። ለጥራት ሌላ መለያ አለ፣ «ስሙዝነስ» የሚባል። ከ«ኤክሰለንት» ተነስቶ፣ በ«ጉድ»፣ በ«ኢንተርሚዲየት»፣ በ«ባድ» አድርጎ ጨርሶ እስከማይታለፍበት ይወርዳል። የሚለካው በምን ይሄድበታል በሚለው ነው። ጎማ ባለው ጫማ የሚንሸራተት ሰው ያለ ችግር ከሄደበት ኤክሰለንት ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ከሄደበት ጉድ ነው። ተራ የከተማ ብስክሌትና ዊልቸር ካለፉበት ኢንተርሚዲየት ነው። ተራ መኪናና ወፈር ያለ ጎማ ያለው ብስክሌት እየተንገጫገጩ ካለፉ ባድ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከጻፍክ ሁለቱም እውነት ይሆናሉ፦ አስፋልት ነው፣ መጥፎም ነው።

በተነጠፈና ባልተነጠፈ መንገድ ድንበር ላይ ደግሞ «ኮምፓክትድ» አለ። ስኮትላንዳዊው ጆን ላውደን ማካዳም በ1800ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስፋፋው ዘዴ፣ የተፈጨ ድንጋይ በመጠን እየለዩ መደልደል ነበር። ሬንጅ አልነበረውም። ሬንጁ በኋላ ነው የመጣው፤ ኤድጋር ሁሊ ታርማክን፣ ማለትም ጠጠርን ከሬንጅ መሰል ነገር ጋር የደባለቀውን ንጣፍ፣ በባለቤትነት ያስመዘገበው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ማካዳም» ካለህ የትኛውን እንደሆነ ጠይቀው። የተደመደመ ጠጠር ብቻ ከሆነ፣ ምንም ያህል ጠንካራና ለስላሳ ቢሆን፣ ካርታው ላይ ከተነጠፉት ወገን አይቆጠርም።

መንገዱ መሃል ላይ ዓይነቱ ከተለወጠ መስመሩን እዚያ ቦታ ቁረጠውና ለሁለቱም የየራሱን ጻፍ። ድልድይ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በነጠላ ሰረዝ ሁለት ዓይነት አንድ ላይ መጻፍ ግን ለፕሮግራሞቹ አይገባቸውም። ለእያንዳንዷ ጥገናም አትቁረጥ። ሁለት ሜትር የአስፋልት መለጠፊያ ኮንክሪቱን አስፋልት አያደርገውም። እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ብስክሌተኛ ወይም ዊልቸር ይህን ቁራጭ አይቶ መንገዱን ይቀይራል? አዎ ከሆነ ሃያ ሜትርም ብትሆን እቆርጣለሁ። የእግረኛ መንገዱ ወለል ከመኪናው የተለየ ከሆነ ደግሞ ለእሱ የራሱ መለያ አለው፣ «ሳይድዎክ ሰርፌስ»። የመኪናውን አስፋልት አይተህ ለእግረኛውም አትገምት።

አሁን ወደ ሦስት ጊዜ የተቀያየራችሁበት መንገድ። ጥርጣሬዬን ልንገርህ። አንተም እሱም ያያችሁት እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ያረጁ ኮንክሪት መንገዶች ከላያቸው አስፋልት ይለብሳሉ። ከሥር ያለው ኮንክሪት ግን በሙቀትና በቅዝቃዜ መንቀሳቀሱን አይተውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ መጋጠሚያዎቹ በአስፋልቱ ውስጥ አልፈው ይወጣሉ። መንገዱን አቋርጦ የሚሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ታያለህ፣ ከዚያ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ይህን ያየ ሰው «ኮንክሪት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ጎማው የሚነካው ግን አስፋልት ነው፤ መዝገቡም አስፋልት መሆን አለበት።

ስለዚህ በእግርህ ሂድ። ስንጥቁ እኩል በእኩል ተራርቆ ከሆነ ጠርዙን እየው፤ ጥቁር ድብልቅ ከሆነ ጨርሰሃል። ፎቶ አንሳ፣ ሳንቲም ወይም ቁልፍህን ለመጠን አጠገቡ አድርግ። አስፋልት ብለህ ስትመልሰው ለውጡ ላይ አጭር ማብራሪያ ጻፍ፦ «ቦታው ላይ አይቻለሁ፣ ኮንክሪቱ ከሥር ነው፣ ከላይ አስፋልት ለብሷል»። ያየህበትን ቀን የሚመዘግብ መለያም አለ፣ እሱን ሙላው፤ መንገድ ነገ ሊታደስ ይችላል። ከዚያ ለዚያ ሰው በቀጥታ መልእክት ላክለት፣ ፎቶውንም ጨምርለት። መንገዱን አይቶ ያን ያህል የተከራከረ ሰው ለካርታው ግድ የሚለው ሰው ነው፤ ምናልባት ቀጣዩን ሰፈር አብራችሁ ልትዞሩት ትችላላችሁ። ስንጥቁ እንዴትም ቢራራቅ፣ ጠርዙ ግራጫ ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ እሱ ነው ልክ፤ ኮንክሪት ብለህ ተወው።